ከጋቢናው አጠገብ ያለው ብሎን

በብረታ ብረት ሰፈሩ፣ በጎማ ጠጋኙና በቶርኖ ቤቱ መካከል ያለችው ጠባብ ሱቅ በሯ ላይ ምንም አልተጻፈም። አያስፈልጋትም። «እትዬ አሮጌውን ጋ ሂድ» ከተባለ መንገዱ የሚጠፋበት ሰው የለም።

ስሙ የወጣላት ከአመሏ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ይሄን የሚያህል ብሎን ስጪኝ» ብሎ በጣቶቹ ሲለካላት እጇ ወደ መደርደሪያው አይሄድም፤ መዳፏን ወደ ደንበኛው ትዘረጋለች። «አሮጌውን አምጣ።» ጠፋብኝ ያለውን፣ የጠፋበት ቦታ ሄዶ እንዲፈልግ ትመልሰዋለች። ጎማ ጠጋኙ፣ እትዬ አሮጌውን የጥርስ ሐኪም ብትሆን ኖሮ የወለቀውን ሳታይ አዲስ አትተክልም ነበር እያለ ያሾፍባታል። እሷም አትቆጣም። ታዲያ በምን ልለካው ኖሯል ብላ ትመልስለታለች።

አመሉ ከግትርነት የመጣ አይደለም። አሮጌ ብሎን ምስክር ነው። ጥርሱ ተላጭቶ ከሆነ ያሰረው ሰው የገዛ ጉልበቱን የማያውቅ ነው። ወገቡ ላይ ከቀጠነ ከአቅሙ በላይ ተስቧል። የተሰበረበት ፊት እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ከሆነ ስብራቱ የዛሬ ነው፤ ጠቁሮ ከሆነ ግን ከተሰበረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል ማለት ነው። እትዬ አሮጌውን ይህን ሁሉ መስኮቷ አጠገብ ቆማ፣ አንዴ ወደ ብርሃን አንዴ ወደ ጥላ እያገላበጠች ታነባለች። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለች። ምን ላይ ነው የሚታሰረው? ይሞቃል? ማን ይፈታዋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ሰውን ያስቃል። ገና ሳይታሰር የመፍታቱ ነገር ምን አስቸኮላት? ለእሷ ግን ዋናው እሱ ነው። ለዘላለም የሚታሰር ነገር የለም ባይ ናት። ሞተር ይወርዳል፣ ቧንቧ ይቀየራል፣ አንድ ቀን አንድ ሰው መፍቻ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ያ ሰው እንዳይረግመን አድርገን እንሰር ነው ነገሩ። የሚቻኮል ደንበኛ ሲገጥማት፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላ ወንበር ትስብለታለች።

ባሏንም ያመጣላት ይኸው ጥያቄ ነው። ያኔ ሱቁ የአባቷ ነበር፤ አባትየው ዓይናቸው ስለደከመ ብሎን የምታነበው እሷ ነበረች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ክንዱ ላይ ግሪስ እንደተለቀለቀ መጣና ብሎን ጠየቀ። አሮጌውን አምጣ ተባለ፤ ሄዶ አመጣ። ምን ላይ እንደሚታሰር ተናገረ፤ እንደሚሞቅም ተናገረ። ማን ይፈታዋል ስትለው ግን ጥቂት አሰበና፣

«እኔው ነኝ የምፈታው፤ አንቺ ጋ የምመጣበት ሰበብ እንዳላጣ» አላት።

አባትየው ከጓዳ ሆነው ሳል ሳል አደረጉ። ሹፌሩ ግን ቃሉን ጠበቀ። በመጣ ቁጥር አንድ የወላለቀ ነገር ይዞ ይመጣል፤ የመኪናው ብሎን ሲያልቅበት የጎረቤት በር መፍታት ሳይጀምር አልቀረም። በመጨረሻ ይዞት የመጣው የአልጋ ብሎን ነበር። «ይሄ ምን ላይ ነው የሚታሰረው?» ብላ ስትጠይቀው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ሹፌሩ መኪናውን የሚያሳድረው ደጃቸው ላይ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያስነሳዋል። ያ ሞተር በብርድ ሲነሳ አንድ የተለየ ድምፅ ነበረው፤ ከጉርምርምታው በላይ፣ ሰው በጥፍሩ በር እንደሚቆረቁር ያለ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። «እስኪሞቅ ነው» ይላል ሹፌሩ፤ እስኪሞቅም ድረስ ደረጃው ላይ ሚስቱ አጠገብ ቁጭ ይላል። አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ይጠጣሉ፤ እሷ እስከ ግማሽ፣ ቀሪውን እሱ።

እትዬ አሮጌውን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ጎልማሳ ሰው በጠዋት ደረጃ ላይ ሲጎለት ስታይ ያማታል። ይሁንና ያልሞቀ ሞተር ጭነት መጎተት እንደሌለበት ስለምታውቅ በጠቅታው ልክ ብቻ ፈቅዳለታለች። ድምፁ ሲጠፋ «በል ተነስ፣ ሞቋል» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ጆሮውን ወደ መኪናው ዘንበል ያደርግና፣ «ቆይ፣ አንዲት ቀርታዋለች» ይላል። የትዳራቸው ወሬ ሁሉ የተወራው በዚያች መሐል ነው። የልጃቸው ስም የወጣው፣ አባቷ ሲታመሙ ማን ጋ ይሁኑ የተባለው፣ ተኳርፈው ያደሩትም የታረቁት ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ሲል ነው።

ሹፌሩ በጉበት ሕመም ሞተ። መኪናው ደጅ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊትም ሞተሩ ደክሞ ነበር፤ ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ያስነጥሰዋል፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ግን ጭራሽ እምቢ አለ። እትዬ አሮጌውን ሱቋን ሳትውል ሳታድር ከፈተች። ሰውም ቶሎ ተጽናናች አለ። ሻይዋን ቆማ መጠጣት መጀመሯን ያየ ግን አልነበረም። ደረጃው ላይ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ያለዚያ ድምፅ የሚቀመጡበትን ልክ አታውቀውም። ግድግዳ የሚጋሩት ቶርኖ ቤት ማሽኑ ብረት ሲልጥ አንዳንዴ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያን ጊዜ የያዘችውን ብሎን እንደያዘች ትቀራለች፤ ደንበኛው ፊቷ ቆሞ ሳለ ለቅጽበት ሱቁ ውስጥ የለችም። ማሽኑ ሲቆም ትመለስና «ይሞቃል አልከኝ?» ብላ ትቀጥላለች።

ልጅቷ መሪ ጨብጣ ነው ያደገችው። የአንድ ዳቦ ቤት መኪና ትነዳ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ መጥታ፣ የአባዬን መኪና አሳድሼ ራሴ ልሠራበት ነው አለች። የእናትየው ፊት በራ። ልጅቷ ለእሷ ሐሳብ የበራ መሰላት፤ አቀፈቻት። እናት ግን በልቧ የሰማችው ሌላ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ ነበር የሰማችው።

ማን ያድሰው የሚል ጥያቄ አልተነሳም። የሟች ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ ድንጋይ ይሉታል፤ እትዬ አሮጌውን፣ ከዋርሳዬ ቃል ከማውጣት የዛገ ብሎን ማውጣት ይቀላል ትላለች። ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወርድ ጋራዡ ድረስ ሄደች፤ ሄዳም እንዲህ አለችው፦

«ፒስተኑን ቀይር፣ ፋሻውን ቀይር፣ ያሻህን ቀይር። ድምፁን ግን እንዳትነካብኝ። ያቺን የጠዋቷን ጠቅታ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። አንዷን ጣት ጨርሶ ወደ ሌላዋ እያለፈ ብዙ ጠረገ። ከዚያ «እሺ» አለ። ጣጣውን ያመጣችው ይህች እሺ ናት።

እድሳቱ ወራት ፈጀ። ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ ጋራዡ እየሄደች አጎቷን ታግዛለች፤ እናት ደግሞ በየሳምንቱ ምን ደረሰ እያለች ትጠይቃለች። በመጨረሻ የጭስ ማኒፎልዱን ማሰር ብቻ ሲቀር መካኒኩ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ሱቋ መጣ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ነገሩን ማየት ደስ ይላል፤ ከመኪና ሥራ ሁሉ እንዲህ በብልሃት የተሞላ ጥቂት ነውና።

ማኒፎልድ በሞተሩ ጎን የሚታሰር ረጅምና ከባድ የብረት ቱቦ ነው። ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ይሰበስብና ወደ አንድ ጭስ ማውጫ ይሰዳል። እንደሱ የሚሰቃይ ብረት የለም። ጠዋት እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው፤ ዳገት ሲወጣ ፍም ሊመስል ይደርሳል፤ ሲቆም ደግሞ ይቀዘቅዛል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። ስለዚህ ይህ ቱቦ እንደ ድመት በየቀኑ ይንጠራራል፣ ተመልሶ ይሰበሰባል። መሐሉ እምብዛም አይሄድም፤ ዳርና ዳሩ ግን ይሄዳል። ብሎኖቹ ጭስ እንዳያመልጥ አጥብቀው መያዝ አለባቸው፤ ቱቦው እንዳይሰነጠቅ ደግሞ እንዲንጠራራ መፍቀድ አለባቸው። መያዝና መፍቀድ በአንድ ጊዜ! የማይሆን ይመስላል። ብሎኑ በደንብ ከተመረጠ ግን ይሆናል።

እትዬ አሮጌውን ጠረጴዛዋ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋችና እጩዎቹን አሰለፈች። ሥራዋ ላይ ስትሆን ናፍቆትም ሆነ ሌላ ነገር ፊቷ ላይ አይነበብም። መጀመሪያ ያነሳችው ጥቁሩንና ጠንካራውን ብሎን ነው። ሹፌሮች ሁሉ የሚጠይቋት ይሄንኑ ነው፤ እሷ «ጎረምሳው» ትለዋለች። ጉልበት አለው፤ መታጠፍ ግን አያውቅም። ሙቀቱ ሲመላለስበት አንድ ቀን ቀጭ ይልና ግማሹን ሞተሩ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ቀጥሎ የማይዝገው ነጭ ብረት፣ «ሙሽራው»። ሲያዩት ልብ ይወስዳል፤ ዝናብም አይነካውም። ሲሞቅ ግን ከሞተሩ ብረት አብልጦ ያብጣል፤ ጫፉ ላይ ከሚጠመዘዝ ከራሱ ዓይነት ዳዶ ጋር ሲገጥም ደግሞ ጥርሶቹ ይነካከሱና አይላቀቁም። የሚፈታው ሰው ይረግመናል አለችና እሱንም መለሰችው።

የቀረው መሐለኛው ብረት ነው፤ ሲስቡት ጥቂት የሚሳብ፣ ሲለቁት የሚመለስ። እሱንም ራስ ያለውን ሳይሆን በሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለውን መረጠች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ራስ ያለው ብሎን በተፈታና በታሰረ ቁጥር የሞተሩን የራሱን ጥርስ ይበላል። ባለሁለት ጫፉ ግን አንዴ ሞተሩ ውስጥ ከገባ እዚያው ይኖራል፤ የሚወጣ የሚገባው ከውጭ ያለው ዳዶ ብቻ ነው። ዳዶውን ደግሞ ከነሐስ መረጠች። ነሐስ ከብረት ጋር ዝጎ አይጣበቅም፤ ለስላሳ ስለሆነ ቢከፋ ቢከፋ የሚላጨው የራሱ ጥርስ ነው እንጂ የብሎኑ አይደለም። «ዳዶ ቢሞት ዳዶ ነው፣ ይተካል» ትላለች። ከዳዶው ሥር ከሚገቡት ቀለበቶች፣ ከሮንዴላዎቹ፣ ጥምዝምዙን ገና ሳታነሳ አለፈችው፤ ሙቀት ላይ ጉልበቱ ያልቃል። ወፍራሙንና ጠፍጣፋውን ወሰደች። ለዳርና ዳሮቹ ደግሞ ከዳዶው ሥር የሚገባ አጭር ቱቦ ቶርኖ ቤቱ እንዲቆርጥላት አዘዘች፤ ብሎኑ እንዲረዝምላት ነው። ረጅም ብሎን እንደ ላስቲክ ነው፤ ይሰጣል፣ ይመልሳል። መካኒኩ አንገቱን እየነቀነቀ ተከተላት። እንዲህ ሲመረጥ ማየት ለእሱም ደስታ ነበር።

ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። «አሮጌውን።»

ቆርቆሮውን ጨርቁ ላይ ገለበጠ። አሮጌዎቹን ከመሐል ወደ ዳር በቦታቸው ደረደረቻቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቀረ።

«የኋለኛው የታለ? ከጋቢናው አጠገብ ያለው?»

መካኒኩ ተሰብሮ ነበር አለ። ቁራጩን አምጣ አለችው። ምን ያደርግልሻል አላት። መዳፏን አላጠፈችም። በመጨረሻ እጁን ከቱታው ኪስ ከተተና አንድ ጣት የማትሞላ ቁራጭ ብረት አወጣ። በእሳት አሙቆ፣ በዘይት አርሶ፣ በጉጠት ቆንጥጦ ነው ከሞተሩ ያወጣት፤ ካወጣትም ወዲህ ከኪሱ አልተለየችም።

እትዬ አሮጌውን ቁራጯን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። አንዴ ወደ ብርሃን፣ አንዴ ወደ ጥላ። የተሰበረችበት ፊት አይታይም ነበር፤ የጭስ ጥላሸት ተደራርቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ቅርፊት ሸፍኖታል። በጥፍሯ ፋቀችው። ከሥሩም ጥቁር ነው። ይህ የዓመታት ጥላሸት ነው። ብሎኑ የተሰበረው ሹፌሩ በሕይወት ሳለ ነው፤ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ደረጃው ላይ አጠገቧ እየተቀመጠ ሳለ።

ቀሪውን ማንም አላስረዳትም። ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላ ሰው ስታስረዳ የኖረችው ነው። የዳሩ ብሎን ሲሰበር ማኒፎልዱ እዚያ ጋ ትንሽ ይነሳል። በብርድ ጊዜ በዚያች ክፍተት ጭሱ እየተተኮሰ ይወጣል፤ ጠቅ ጠቅ ይላል። ብረቱ ሲሞቅ ያብጥና ክፍተቷን ይዘጋታል፤ ድምፁ ይጠፋል። የሰፈሩን ሞተር ሁሉ ሕመም በሩቅ የምታውቅ ሴት የገዛ ደጃፏ ላይ በየጠዋቱ የሚያንኳኳውን አልለየችም። የሞተሩ ጠባይ ነው ብላ ነበር የምትወደው። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው፤ ባል ደግሞ ደንበኛ አይደለም፣ አሮጌውን አምጣ ያለው የለም።

በደንበኞቿ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ያውቅ ነበር?» አለች።

መካኒኩም አፉን ፈታ። በዕድሜው እንደዚያን ቀን ያወራበት ጊዜ አይታወስም።

«ስንቴ ነገርኩት መሰለሽ፣ እቴ። ላውጣልህ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም አልኩት። ተወው አለኝ። ጭሱ ጋቢና ይገባብሃል ስለው መስኮት እከፍታለሁ አለ። ምን ነካህ አልኩት። ‹እሷን ታውቃት የለ? ሞተሩ ዝም ካለ ተነስ ነው የምትለኝ። በምን ሰበብ ልቀመጥ?› አለኝ።»

እትዬ አሮጌውን ቁራጯን በመዳፏ ውስጥ ጨበጠች። የባሏ የግራ እጅጌ ትዝ አላት። በዝናብ ወራት ሁልጊዜ የግራው እጅጌ ብቻ ርሶ ይገባ ነበር፤ መስኮት መዝጋት ያቃተህ ሕፃን ነህ እያለች ስትጨምቅለት ይስቅ ነበር።

ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ ስትለው መካኒኩ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ አስምሎኝ ነው አለ። «እና እኔን እሺ ያልከኝስ?» አለችው።

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ፊትሽ እንደዚያ በርቶ።» ጨርቁን እያየ ቀጠለ። «ከፈለግሽ ዛሬም ይቻላል። የኋለኛዋን ላላ አድርጌ አስራታለሁ። ታንኳኳልሻለች። ልጅቷ እንደ አባቷ መስኮቷን ከፍታ ትንዳ።»

እትዬ አሮጌውን ብሎኖቹን፣ ዳዶዎቹን፣ ሮንዴላዎቹን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። የኋለኛዋን ብሎን ከነዳዶዋ ግን አልጠቀለለችም፤ ከተሰበረችው ቁራጭ ጋር ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ነገ ላምጣት አለችው። ነገ ግን አልሄደችም፤ ከነገ ወዲያም አልሄደችም። ብሎን ስትመዝን፣ ደንበኛ ስትሸኝ፣ እጇ እየሄደ ኪሷን ይዳብሳል። ያቺን የምታህል ብረት ናት በእሷና በዚያ ድምፅ መካከል የቆመችው። ብሎኗ ከኪሷ ካልወጣች ጠዋቱ ይመለሳል። ሰውየው ባይመለስ እንኳ የሚቀመጡበት ልክ ይመለሳል።

የናፈቀን ነገር ጉድለት ሆኖ ሲገኝ ምን ይደረጋል? ለዚህ መደርደሪያዋ ላይ ዕቃ አልነበራትም።

በመጨረሻ እግሯ ወሰዳት። ጋራዡ ስትደርስ ልጅቷ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣ የበሩን መስታወት ትታገላለች። ፀጉሯን በአባቷ አሮጌ የአንገት ልብስ አስራዋለች።

«እማዬ፣ ይሄ መስኮት ወርዶ ቀርቶ ነበር እኮ፤ ዝጎ አልወጣ ብሎኝ። አሁን ግን እሺ አለኝ፣ እዪው» አለች፤ መስታወቱንም እያንቋቋች እስከ ላይ ድረስ ዘጋችው። ከመስታወቱ ኋላ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። ረሳሁት ብላ እየሳቀች መልሳ ከፈተችው። ብርድ አትወድም፤ ዘግታ፣ እየዘፈነች ነው የምትነዳው። «ልጅ ሆኜ አባዬ ሲወስደኝ አፍንጫሽን መስኮቱ ጋ አድርጊ ይለኝ ነበር። ዛፍ እንዳይ ይመስለኝ ነበር፤ ወይ ጉድ፣ ዛፍ ያለበት መንገድ እኮ አልነበረም።»

እናት እጇን ኪሷ ከተተች። ምን ላይ ነው የሚታሰረው? ይሞቃል? እነዚህን ታውቃቸዋለች። ማን ይፈታዋል የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ልጅቷን አየች። አንድ ቀን፣ እሷም ዋርሳዋም በሌሉበት ዘመን፣ መፍቻ ይዛ ከዚህ ሞተር ሥር የምትጎነበሰው ይህች ልጅ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን መተንፈስ አለባት።

ብሎኗን ለመካኒኩ አቀበለችው። «እንካ። እንደ እህቶቿ አጥብቃት።»

አስተሳሰሩም የራሱ ሥርዓት አለው። ከመሐል ይጀመራል፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ እየተባለ ወደ ዳር ይወጣል፤ በመጀመሪያው ዙር ማንም እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። ሁሉም ጥቂት ጥቂት እየተካፈሉ ነው የሚጠብቁት። ከዳር የጀመረ ሰው ብረቱን ያጣምመዋል። መካኒኩ ሲጨርስ ልጅቷ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ ጓጎረና ተነሳ። ለስላሳ ነው፤ እንደ ጠገበ ጥጃ ድምፁ እኩል ነው። ከመሐሉ የሚቆረቁር ነገር የለም። ልጅቷ ከጋቢናው ዘላ አጎቷን ስትስም እናትም ደስ ይላል አለች፤ ከልቧም ነበር። ግን ሰው በተሰበሰበበት አንድ የቀረ ሰው እንደሚፈልግ ጆሮዋ ዘንበል ብሎ ቀርቶ ነበር።

መኪናው ያን ዕለት በቀድሞ ቦታው፣ ደጃቸው ላይ አደረ።

አዲስ የታሰረ ማኒፎልድ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ከብረቱና ከሞተሩ መካከል የምትገባው ስስ ማሸጊያ መጀመሪያ ሙቀት ሲመታት ተጨፍልቃ ትተኛለች፤ ስትተኛ ዳዶዎቹ የሚይዙት ይላላል። ስለዚህ ደኅና መካኒክ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ተመልሶ ያጠብቃል። የሟች ወንድምም በማግስቱ ጠዋት መፍቻውን ይዞ መጣ። ልጅቷ ግን ቀድማ፣ ማንንም ሳትጠብቅ፣ ሞተሩን አስነስታው ነበር።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ከኋላ በኩል ነው፤ ከጋቢናው አጠገብ። ቀጭን ነው፤ ከቀድሞው ያንሳል፤ ግን እሱው ነው። እናት ሻይዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መካኒኩ ማሸጊያዋ ተኝታ ነው፣ አጥፊው ላጥብቀው ብሎ ለልጅቷ ሊናገር እጁን ሲያነሳ፣

«ተወው» አለችው እናት። «እስኪሞቅ ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትቀመጥበት የመጀመሪያዋ ነው። ሻይዋን እስከ ግማሽ ጠጣችና ብርጭቆውን ከጎኗ፣ በግራዋ በኩል፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። መካኒኩ ጎማውን የሚያይ መስሎ ፊቱን አዞረ። ፀሐይዋ ከጋቢናው ጣሪያ ወደ በሩ ወረደች። ጠቅታው እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ፤ ሁለቱ አንድ፣ አንዱ ግማሽ እየሆነ። ምን እንዳሰበች አይታወቅም። ከንፈሯ ግን አልፎ አልፎ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ያልተነገረው ብዙ ነገር ተጠራቅሞ ነበርና።

ልጅቷ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ብቅ አለች። «እማዬ፣ ሞቋል።»

እናት ጆሮዋን ወደ መኪናው ዘንበል አደረገች።

«ቆይ፣ አንዲት ቀርታዋለች።»

ጠበቁ። ከዚያ ያቺ የቀረችውም ጠፋች። ሞተሩ እኩል ሆነ።

እናት ሞተሩን አስጠፋቻት። ብረቱ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ጠበቁ፤ ጠዋቱ ረፈደ። መካኒኩ መፍቻውን ሲያነሳ እትዬ አሮጌውን መዳፏን ዘረጋችለት። ምንም ሳይጠይቅ ሰጣት። ከመሐል ጀመረች፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ ሳትቸኩል። ነሐሶቹ ጥቂት ጥቂት ዞሩላት። የመጨረሻዋን፣ ከጋቢናው አጠገብ ያለችውን፣ ስታጠብቅ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጎትታ አጠበቀቻት፤ ሌሎቹን ባጠበቀችበት ልክ፣ አላበዛችም፣ አላሳነሰችም።

ልጅቷ መስታወቷን ዘግታ፣ አፏን እያንቀሳቀሰች፣ ያለ ምንም ጠቅታ ከመንገዱ መታጠፊያ ተሰወረች። እናት ብርጭቆውን አነሳች። የቀረው ሻይ ቀዝቅዟል፤ ጠጣችው።

ሱቋ ስትደርስ ጎማ ጠጋኙ ከጎማው ላይ ቀና ብሎ፣ ዛሬ ምን ተገኘ፣ እትዬ አሮጌውን አርፍዳ የመጣችበት ቀን በዓይኔ አየሁ አላት።

«ሞተር እያሞቅኩ ነበር» አለችው።

በሩን ከፈተች። አንድ ደንበኛ እግር በእግር ተከትሏት ገብቶ፣ ይሄን የሚያህል ብሎን እፈልጋለሁ ብሎ በጣቶቹ ለካላት። እትዬ አሮጌውን ቁራጯን ብረት ከሽርጧ ኪስ አውጥታ መስኮቱ ጫፍ ላይ አኖረቻትና መዳፏን ዘረጋች።